አማካይ ውጤት የአሰልጣኝን ብቃት ብቻውን አያሳይም

አውስትራሊያዊው ኤዲ ጆንስ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 የእንግሊዝን ብሔራዊ የራግቢ ቡድን በ81 ግጥሚያዎች መርተው 59ኙን አሸንፈዋል። የስድስቱን ሀገራት ዋንጫ ሦስት ጊዜ ሲያነሱ፣ በ2019 ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በቅተዋል።

ይሁን እንጂ በ2022 ከተካሄዱት 12 ግጥሚያዎች ቡድኑ ያሸነፈው አምስቱን ብቻ በመሆኑ፣ የዓለም ዋንጫው ዘጠኝ ወራት ሲቀሩት ተሰናብተዋል።

በወቅቱ የቡድኑ የማጥቃት ስልት ብርቱ ትችት ቀርቦበታል። ተተኪያቸው ስቲቭ ቦርትዊክ ግን ኳስን አዘውትሮ ወደፊት በመምታት ላይ በተመሠረተ ቀላል ስልት በ2023 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ደረጃን አግኝተዋል። ይህም ችግሩ የስልት ውበት ማጣት ሳይሆን የዕቅድ ግልጽነት መጓደል እንደነበር ያመለክታል።

ተጫዋቹ በሜዳ ላይ ድርሻውን ለይቶ ካላወቀ የአሰልጣኙ ዕቅድ በወረቀት ላይ ይቀራል። በመሆኑም አሰልጣኝን የሚመዝን አካል ከድምር ውጤቱ ጎን ለጎን ቡድኑ ወዴት እያመራ እንደሆነ በየዓመቱ ሊፈትሽ ይገባል።