የላሊበላ የእንግዳ ቤቶች ልዩነታቸውን ከየት ያመጡታል?

በላሊበላ ከተማ የገና ሰሞን የአልጋ እጥረት እንጂ የእንግዳ እጥረት የለም። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ከየአቅጣጫው በእግሩ የመጣው ምእመን በየሜዳው ይሰፍራል፤ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የመጣውም ያገኘውን ክፍል በተጠየቀው ዋጋ ይይዛል። በዚያ ሳምንት ቤቱን ለማስተዋወቅ የሚደክም ባለቤት የለም። ጥያቄው የሚነሣው በዓሉ አልፎ ከተማዋ ጸጥ ስትል ነው። በ2012 ዓ.ም. የገባው የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም የሰሜኑ ጦርነትና ተከትሎት የመጣው አለመረጋጋት የጎብኚውን ጉዞ ስላቋረጡት፣ ክፍል በማከራየት ይተዳደር የነበረ ቤተሰብ ሁሉ የችግሩ ቀማሽ ሆኗል። እንግዳው ጥቂት፣ የሚጠብቀው ቤት ግን ብዙ በሚሆንበት በዚህ ሁኔታ ባለቤቶች በአብዛኛው ሁለት መላ ይይዛሉ፤ ወይ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ወይ ተበድረው ሴራሚክ ያነጥፋሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱም መንገዶች አያዛልቁም። የተቀነሰ ዋጋ ጎረቤት በማግሥቱ የሚቀንሰው ነው፤ ሴራሚኩም ከአንድ መደብር የሚገዛ ነው።

ቤቶቹ በኢንተርኔት የሚለጥፏቸውን ፎቶግራፎች ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። የመጀመሪያው ምስል ሁልጊዜ አልጋ ነው፤ በአልጋው ላይ እንደ ዝይ የተጣጠፈ ነጭ ፎጣ፣ ከጀርባው የሚያብረቀርቅ መጋረጃ። ክፍሉ ላሊበላ ይሁን ናይሮቢ፣ ዱባይ ይሁን አዳማ የሚለይበት ምልክት የለውም። አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊያይ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ዝይዋን ሊያይ አይመጣም። (ፎጣውን ማን እንዲህ ማጠፍ እንዳስተማረን አንድ ቀን ሊጠና ይገባዋል።)

ቦታው ግን የራሱ ቤት ነበረው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በዙሪያቸው ያሉት ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብና ባለ አንድ ፎቅ የላስታ ጎጆዎችም የመልክዓ ምድሩ አካል ሆነው ተጠቅሰዋል። ከቅርሱ ክልል ነዋሪዎች ሲነሡ ብዙዎቹ ጎጆዎች ሰው አልባ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ የተሠራው ግን በአመዛኙ ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። ሁሉም ሰው የድንጋይ ጎጆ ይሥራ ለማለት አይደለም፤ ድንጋይ የሚጠርብ ባለሙያ ዋጋው ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ የቀይ ድንጋይ ግድግዳ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያይ አንድ የእንጨት ሰገነት፣ በአካባቢው ሸማኔ የተሠራ አንድ ጋቢ ከአልጋው ጫፍ ቢታይ፣ ያ ምስል ሌላ ከተማ ሊወስደው የማይችለው ምስል ነው። በአንጻሩ ባህል የንጽሕና ጉድለት መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። መጸዳጃው የሚሸት ጎጆ ጥንታዊ ሳይሆን ቆሻሻ ነው።

ከግንብ ይልቅ ርካሽና ኃይለኛ የሆነው ሀብት ግን የባለቤቱ ዕውቀት ነው። ብዙው ጎብኚ አብያተ ክርስቲያናቱን በአንድ ቀን ተመልክቶ ይሄዳል፤ የቤቱ ትርፍ የሚገኘው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ነው። ለዚያ ሌሊት ምክንያት የሚሆኑት አሸተን ማርያም፣ ናኵቶ ለአብ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሃነ ክርስቶስና የቅዳሜው ገበያ ናቸው። እንግዳው ዓርብ ሊመለስ ሲሰናዳ «ነገ እኮ ገበያ ነው» የሚለው ሰው ካላገኘ አንድ ሌሊት ጠፋ ማለት ነው።

ሰዓታችንንም እንውሰድ። እንግዳው «ቅዳሴ በ12 ሰዓት ይገባል» ሲባል ቀትር ወይም እኩለ ሌሊት ይመስለዋል፤ ንጋት መሆኑን የሚነግረው የቤቱ ባለቤት ነው። በጾም ወቅት ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የተዘጋ በር ይጠብቃል። በዓመት ከ180 ቀናት በላይ የሚጾም ማኅበረሰብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ምግብ አጣፍጦ መሥራት ከእናቱ ተምሯል። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ገበታ ፈልገው የሚጓዙ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። የእኛ የእንግዳ ቤቶች ግን ሽሮውንና ምስሩን ለራሳቸው አስቀርተው ለእንግዳው የተጠበሰ እንቁላልና የፋብሪካ ማርማላታ ያቀርባሉ።

የቀረው ጉዳይ እውነት መናገር ነው፤ ይህ ጸሐፊም ከሁሉ የሚያስበልጠው እርሱን ነው። ባረፍሁበት በአንድ ቤት ማስታወቂያው «ሙቅ ውኃ 24 ሰዓት» ይላል። ማታ ቧንቧውን ብከፍተው አየር ብቻ አፏጨ። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ድምፁን ሰምተው መጡና «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ውኃው በፈረቃ ነው፤ ሮቶውም ባዶ ነው» አሉኝ። «ግድ የለም እማማ» ብላቸውም አልሰሙኝም። ጥቂት ቆይተው በእንጨት ያፈሉትን ውኃ በባልዲ ይዘው፣ ቀዝቃዛውን በጀሪካን ለልጃቸው አስይዘው ተመለሱ። ከዚያ ጉዞ ሁሉ ያልረሳሁት ያንን ባልዲ ነው። ከእኔ አስቀድሞ ያረፈ አንድ እንግዳ ግን ስለዚያው ቤት በኢንተርኔት የጻፈው «ሙቅ ውኃ አለ ብለው ዋሹኝ» የሚል ነበር። ባልዲው ለእርሱም ቀርቦለት ይሆናል፤ ግን ተስፋ ከተሰጠው ነገር በኋላ ስለመጣ ይቅርታ መጠየቂያ እንጂ መስተንግዶ ሊሆን አልቻለም።

ወይዘሮዋ ያጡት ገንዘብ ሳይሆን የሚጽፍላቸው ሰው ነበር። ማስታወቂያውን የሞላላቸው በእንግሊዝኛ የሌላ ሆቴል ጽሑፍ የቀዳ ወጣት ነው። የቱሪዝምና የሆቴል አስተዳደር ተመራቂዎቻችን ለአንድ ወር ተግባራዊ ልምምድ ወደ ከተማዋ ሲወጡ በትልልቅ ሆቴሎች ሳህን ከሚቆጥሩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ የቤተሰብ ቤት ይዘው ባለቤቱን ቢጠይቁና የሰሙትን ቢጽፉ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለ። ለእንግዳ ሲባል የሚደረግ ባህል ቶሎ ትርኢት ይሆናል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ በአሥር ደቂቃ ተጠናቅቀው ዋጋቸው በሂሳቡ ላይ ሲሰፍር አይተናል። ስለዚህ ለእንግዳ የተለየ ቡና አይፈላ። ቤተሰቡ ለራሱ የሚያፈላው ቡና ላይ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ለእንግዳውም በርጩማ ይጨመርለት። የላሊበላ ሰው በገና ዋዜማ በእግሩ ደክሞ የመጣውን መንገደኛ እግር ሲያጥብ ዋጋ አይጠይቅም፤ ፎቶግራፍም አያስነሣም።

ለወይዘሮዋ ማስታወቂያ ጻፍ ብባል የምጽፈው ይህን ነው፦ «ውኃችን በፈረቃ ይመጣል፤ በቀረ ቀን በእንጨት አፍልተን እናመጣልዎታለን። መብራት ሲጠፋ ሻማ አለ። ቁርስ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ እንቁላል ነው። ንጋት ላይ ልጄ ነጠላ አልብሶ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ያደርስዎታል። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ዓርብ አይሂዱ።»