ብርድ ያለበት ሁሉ የወይን አገር አይደለም
ጽቫይገልት ስለተባለው ቀይ የወይን ዝርያ ያለን አስተያየት

«ኮልፌ ቀራኒዮ ደጋ ስለሆነ የብርድ አገር ወይን ይስማማዋል» የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል። በዚህ ሐሳብ ከሚታጩት ዝርያዎች አንዱ የመካከለኛው አውሮፓው ጽቫይገልት ነው። እኛ ግን ችግኙ ለማኅበር አባላት ከመታደሉ በፊት ነገሩ በጥሞና ሊመረመር ይገባል እንላለን።

ጽቫይገልት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ኦስትሪያ ውስጥ በክሎስተርኖይቡርግ የምርምር ተቋም ነው። ፍሪድሪኽ ጽቫይገልት የተባሉ ተመራማሪ ሳንክት ላውረንትንና ብላውፍሬንኪሽን አዳቅለው አስገኙት። ብርቱ ውርጭ ይቋቋማል፤ ብዙ ያፈራል፤ የመጸው ብርድ ሳይደርስበትም ይበስላል። ዛሬ በአገሩ ከቀይ ዝርያዎች ሁሉ ሰፊውን መሬት ይዟል። ለዚህ የበቃው ግን ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። በዚያው በአገሩም ቢሆን ዘለላው ሳይበስል የሚጠወልግበት ችግር አለበት።

የኦስትሪያ ብርድና የእኛ ብርድ አንድ አይደሉም። እዚያ ወይኑ በበረዶው ወራት ፈጽሞ ይተኛል፤ በበጋ ደግሞ ቀኑ እስከ 16 ሰዓት ይረዝምለታል። እኛ ዘንድ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ወይኑም በቂ ዕረፍት ስለማያገኝ እንቡጡ እኩል አይፈነዳም።

ሙቀቱንም እናስላ። ወይን የሚያድገው ከ10 ዲግሪ በላይ ባለው ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ በቀን የሚተርፈው 6 ብቻ ነው። ፈጥነው የሚበስሉ ቀይ ዝርያዎች እንኳ በጠቅላላው ከ1,000 በላይ ይፈልጋሉ። በመስከረም መጨረሻ የተገረዘ ወይን ይህን ለማግኘት ከአምስት ወር ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ፍሬው የሚለሰልሰው እንግዲህ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሻጋታ ይጠብቀዋል። ካስቴል ኩባንያ ሜርሎና ሲራ የመሳሰሉትን የተከለው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በሆነው በዝዋይ ነው፤ ኮልፌ ግን 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው።

«የቸንቻ ፖም እንዴት ለመደ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እንደ አና ያሉት የፖም ዝርያዎች በአገራችን ደጋ የሚያፈሩት አነስተኛ ብርድ የሚበቃቸው ሆነው ስለተመረጡ ነው። ትምህርቱም ዝርያን በስሙ ሳይሆን በጠባዩ መምረጥ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. ጽቫይገልት በአባላት ማሳ ላይ አይሠራጭ። መሞከር ካስፈለገ በማኅበሩ የጋራ መሬት ጥቂት እግር ተተክሎ ቢያንስ አምስት ዓመት ይታይ።

2. የተገረዘበት፣ ያበበበትና የበሰለበት ቀን እንዲሁም የደረሰው በሽታ በመዝገብ ይያዝ።

3. የጠጅ ወይን ገዢ ከሌለው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከተከላው በፊት ገዢው ይታወቅ።

ወይን ደህና ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ያስጠብቃል። በጓሮው ጎመንና ሰላጣ አምርቶ ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር አባል ሦስት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። ሙከራው ቢከሽፍ ኪሳራው የጋራ መሬቱና የእኛ የባለሙያዎቹ እንጂ የእርሱ ጓሮ መሆን የለበትም።