ዘጠኝ ስንት ጊዜ ይጻፋል?

ዛሬ ፖለቲካውን አረፍ እናድርገውና ቁጥር እንቁጠር።

መቼም እዚህ ኬንት፣ ሸለቆው ውስጥ ከተደረደሩት መጋዘኖች አንዱን ያልረገጠ ሐበሻ ጥቂት ነው። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በሚሠራበት መጋዘን መደርደሪያዎቹን ከ1 እስከ 100 ቁጥር ለጥፍባቸው ተባለ። ተለጣፊው አንድ አንድ አኃዝ እየተነጠለ የሚገዛ ስለሆነ ስንት ዘጠኝ እንደሚፈልግ ማወቅ ነበረበት። ማታ ቡና ላይ ጥያቄውን ጣለልን። አንዱ «አሥር» አለ፤ ሌላው «አሥራ አንድ»፤ ሦስተኛው «አሥራ ዘጠኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ድርጅት ይወጣን ነበር!

እስቲ በልጅነታችን «አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት» ያልነውን እናስታውስ። በአንድ ቤት 9፣ 19፣ 29 እያልን እስከ 99 ስንሄድ ዘጠኝን 10 ጊዜ እናገኛለን። በአሥር ቤት ደግሞ ከ90 እስከ 99 ሌላ 10 አለ። ድምሩ 20 ነው። «አሥር» ያለው አሥር ቤትን ጭራሽ ረስቷል፤ «አሥራ አንድ» ያለው ከአሥር ቤት 90ን ብቻ ቆጥሯል። «አሥራ ዘጠኝ» ያለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰው። 99 ሁለት ዘጠኝ የተሸከመ አንድ ቁጥር ነውና፣ ዘጠኝ ያለባቸው ቁጥሮች 19 ናቸው፤ ዘጠኝ የሚጻፈው ግን 20 ጊዜ ነው።

ተለጣፊው በጠቅላላው ስንት ይሆናል? ባለ አንድ አኃዞቹ 9፣ ባለ ሁለቶቹ 90 ቁጥሮች 180፣ መቶ ራሱ 3፤ ድምር 192። ከነዚህ ውስጥ ዜሮ 11፣ አንድ 21፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው 20 ናቸው።

በግዕዝ ቁጥር ቢለጠፍስ? ግዕዝ ዜሮ የለውም። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ ምልክት፣ ከ፲ እስከ ፺ ሌላ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼ አሉት። ስለዚህ እስከ መቶ ድረስ በአንድ ምልክት የሚጻፉት 19 ቁጥሮች ሲሆኑ፣ የቀሩት 81 ሁለት ሁለት ይወስዳሉ፤ ድምሩ 181። ከ192 በ11 አነሰ ማለት ነው። እነዚያ 11 የት ገቡ? ዜሮዎቹ ናቸዋ! ታዲያ ቁጠባው በነፃ አይደለም፤ በፈረንጁ 10 ዓይነት ተለጣፊ ሲበቃ በግዕዙ 19 ዓይነት መግዛት ግድ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ። ስንቶቻችን ነን «እንግሊዝኛው ይከብደኛል፣ አስተማሪህን ጠይቅ» ብለን የምንሸኛቸው? ልጁ ግን የሚሰማው «አባቴ ሂሳብ አያውቅም» የሚለውን ነው። አንድ ጊዜ እንዲያ ካመነ በሌላውም ነገር መጠየቁን ይተዋል። ሌሊት ሠርቶ የሚያሳድገው አባት በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ጥያቄውን በአማርኛ ንገረኝ» በሉት። «ስንት ቁጥር» እና «ስንት ጊዜ» የሚሉትን ለመለየት ሲል ልጁ ሂሳቡንም ቋንቋውንም አብሮ ይማራል፤ እናንተም የአንድ ቤትና የአሥር ቤቱን ታሳዩታላችሁ። ቁጥር መኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ደሴ የተማራችሁት ኬንትም ይሠራል።

በሉ እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከ1 እስከ 1000 ዘጠኝ ስንት ጊዜ ይጻፋል? ቤቶቹ ሦስት መሆናቸውን አትርሱ። ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩትና መልሱን ለሳምንት እናመሳክራለን።

በቸር ያገናኘን!