«ቺንጋውን ቁረጠው» ይብቃን!

እኛ የጭሮ ልጆች («አሰበ ተፈሪ» የምትሉም አላችሁ፤ ለዛሬ በስሙ አንጣላም) መኪና ይዘን ጋራዥ ስንገባ የምንሰማውን ፍርድ በቃላችን ይዘነዋል። «ኤሲው ይጮሃል» እንላለን። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «አቦ ቺንጋውን ቁረጠውና ተገላገል!» ይለናል። ልጅ አለቀሰ ተብሎ ጉሮሮው አይታነቅም። መኪና ሲሆን ግን ይኸው ሙያ ተብሎ ብር ይከፈልበታል።

ይህን የምንጽፈው ተናደን ነው። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስንመለስ የተሳፈርንባት መኪና አዋሽን ካለፍን ጀምሮ ከፊቷ ታጉረመርም ነበር። ሹፌሩ መድኃኒቱን ወዲያው አገኘው፤ ዘፈኑን ከፍ አደረገ። አሰቦትን አለፍን፣ ሚኤሶን አለፍን። ወደ ጭሮ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው ቺንጋው ተበጠሰ። ያ ቺንጋ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ብቻ አልነበረም የሚያዞረው፤ ዲናሞውም የውኃ ፓምፑም በእሱ ላይ ነበሩ። ሞተሩ ፈላ። ጨቅላ የታቀፈች እናት ጥላ በሌለበት አስፋልት ዳር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ነጠላዋን ዘርግታ ቆመች። ጥፋተኛው ማን ሆኖ ተገኘ? የኮምፕሬሰሩ ፑሌጃ ኩሽኔታ። ረዳቱ በኋላ እንደነገረን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ይጮህ ነበር። እኛም ብንሆን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰምተን ዝም ያልን ተሳፋሪዎች ነን፤ ከተጠያቂነቱ አናመልጥም።

እናላችሁ፣ ድምፁን ለማወቅ የግድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። መቼ ይጮሃል? ከየት ይጮሃል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚጠይቅ መካኒክ ብናገኝ ግማሹ ሥራ አለቀ። ኤሲው ጠፍቶም የሚያጉረመርም ከሆነ ያ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ፑሌጃው ኤሲ ተከፈተም ተዘጋም ከቺንጋው ጋር ይዞራልና። ኤሲ ሲከፈት ብቻ ብረት ከብረት የሚፋጭ ከመሰለ ችግሩ ከኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። እንደከፈቱት «ሲጥጥ» ካለ ቺንጋው ላልቷል ወይም አርጅቷል፤ አለዚያም ኮምፕሬሰሩ «አልዞርም» እያለ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ «ቀጭ» እያለ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጋዙ አንሷል። ሞተር ካጠፉ በኋላ ለጥቂት ጊዜ «እስስስ» ቢል አትደንግጡ፤ ግፊቱ እየተስተካከለ ነው፣ ጤነኛ ነው።

ከክሩስኮቱ ኋላ የሚመጣው የእኛ አገር በሽታ ነው። ፋኑ በፈጠነ ቁጥር «ጠረረረ» የሚል። ኮፈኑና የፊት መስታወቱ በሚገናኙበት በኩል ቅጠል ገብቶ ፋኑ ላይ ይለጠፋል። በምዕራብ ሐረርጌ ምን ዓይነት ቅጠል እንደሆነ ለመገመት ምርምር አይጠይቅም። ገራባው ይውጣ፣ ድምፁ ይጠፋል። ለዚህም ቺንጋ የቆረጡ አሉ! ቺንጋው ሞተር ላይ፣ ፋኑ ክሩስኮት ውስጥ።

ሁለተኛው ወገን «ጋዝ ሙላበት» ባዩ ነው። ወገን፣ ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቧንቧ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ማፍሰሻውን ሳይፈልግ የሚሞላ ሰው ከወር በኋላ እንድንመለስለት ቀጠሮ እየሰጠን ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይትም ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው፤ ጋዝ ሲያንስ ዘይቱ በደንብ አይመለስም፣ ያን ጊዜ የብረቱ ጩኸት ይጀምራል። ከልክ በላይ ቢሞላም ግፊቱ ያስጨንቀዋል። የሚያመልጠው ጋዝ ደግሞ ደርሶ አየር ብቻ አይደለም። ኦዞንን የሚበላው የድሮው አር-12 በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም በ2010 እንዲቆም ተደርጓል። በብዙዎቹ መኪኖቻችን ያለው ተተኪው አር-134ኤ ኦዞንን ባይነካም፣ በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ድርቅ ለለመደው የሚኤሶ አርብቶ አደር እንግዲህ ይህ ስጦታችን ነው።

«ጭሮ ወይና ደጋ ናት፣ ኤሲ ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉን አሉ። መኪናው ጭሮ ላይ ታስሮ አይውልም። ቁልቁል ሚኤሶ አለ። ሽቅብ ደግሞ ሂርናን አልፎ ወደ ቁልቢ ጉም አለ፤ መስታወቱ ከውስጥ ሲደፈን ሹፌሩ በእጁ ጨርቅ ይዞ እየጠረገ ገደል ዳር ይነዳል። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቀው መስታወቱን ቶሎ ይገልጠዋል። እኛ ቅንጦት አልጠየቅንም፤ ሹፌራችን መንገዱን እንዲያይ ነው የጠየቅነው።

ደግሞ ዘመኑ እየተቀየረ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉት አሮጌዎቹ ብዙ ዓመት አብረውን ይከርማሉ፤ የሚመጡት ደግሞ ኤሌክትሪክ ናቸው። የኤሌክትሪኩ መኪና ኮምፕሬሰር የሚቆረጥ ቺንጋ የለውም። ወደ እሱ የሚሄደው ብርቱካናማ ገመድ የሚሸከመው ቮልቴጅ ሰው ይገድላል፤ ዘይቱም ልዩ ነው፣ ከጓሮ ጄሪካን የሚቀዳ አይደለም። በካቻቢቴና በ«አቦ ተወው» ያደገ ጋራዥ እዚያ ላይ ፒንሳ ይዞ ሲቀርብ እኛ አጠገቡ መቆም አንፈልግም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። «ይጮሃል» ብለን ስንመጣ ኮፈኑ ይከፈት፣ ሞተሩ ይነሳ፣ ኤሲው ይከፈት፣ ይዘጋ፣ ይደመጥ። ለመስማቱም ዋጋ ይጠየቅ፣ እንከፍላለን! ባለንብረቶች ኩሽኔታ ለመግዛት ስትሉ ቺንጋ እስኪበጠስ አትጠብቁ። እኛ ተሳፋሪዎችም በሚቀጥለው ጉዞ አዋሽን እንዳለፍን ሹፌሩን እንለዋለን፦ «ወንድሜ፣ ዘፈኑን ቀንስልንና ያ ድምፅ ምንድን ነው?»