20 ዶላር የምታስገኝ «ስግብግብነት»

አሜሪካ ባለው ማኅበረሰባችን፣ ለቅሶ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትጠፋ ሐሜት አለች፦ «እሱ ምን አለበት! ዲስአቢሊቲ ይቀበላል፣ ኤስኤስአይ ይቀበላል፣ ፉድ ስታምፑም አለ።» የሚታማው ብዙ ጊዜ ስትሮክ የመታው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ወይም ጀርባዋ የተጎዳ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ኦባማ ያቀረቡት የ2015 የበጀት ዕቅድ እንኳ የአካል ጉዳት ጡረታንና የሥራ አጥ ክፍያን ደርቦ መቀበልን ለመገደብ ሐሳብ ይዞ ነበር። ሐሜተኛውም ፖለቲከኛውም ያልሠሩት ሒሳቡን ነው።

እንሥራው። በ2025 ለአንድ ሰው የሚከፈለው ከፍተኛው የፌዴራል ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ፣ በወር 967 ዶላር ነበር። ሹፌሩ ሠርቶ በከፈለው ግብር 500 ዶላር የአካል ጉዳት ጡረታ (ዲስአቢሊቲ) ቢኖረው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ 20 ዶላሯን ይተውለትና 480ውን ከኤስኤስአዩ ይቀንሳል። የሚቀረው 487 ነው፤ ከጡረታው ጋር ሲደመር 987። ዓመታት መሪ ጨብጦ ግብር የከፈለው ሰው አንድ ቀን እንኳ መሥራት ካልቻለው የሚበልጠው በ20 ዶላር ብቻ ነው። ያቺ 20 ዶላር ደግሞ ኤስኤስአይ በ1974 ከተጀመረ ወዲህ ሳንቲም አልተጨመረባትም።

ሌሎቹ ድጎማዎችም እርስ በርስ እየተያዩ ነው የሚኖሩት። ጃንዋሪ ላይ ለኑሮ ውድነት ተብሎ ኤስኤስአይ ጥቂት ዶላር ሲያድግ ፉድ ስታምፑ ሊያንስ ይችላል፤ በሴክሽን 8 የቤት ኪራይ ድጎማ የሚኖር ሰው ኪራይም ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ስለሆነ አብሮ ከፍ ይላል። ዘመድ በነጻ የሚያበላው እንጀራ ሳይቀር እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ ከክፍያው ያስቀንስ ነበር። ሁለት ኤስኤስአይ ተቀባዮች ቢጋቡ ደግሞ በ2025 ስሌት የሁለቱ 1,934 ዶላር ወደ 1,450 ይወርዳል። በወር 484 ዶላር የሚያስከፍል ተክሊል!

ለአንድ ችግር ሁለቴ አይከፈል የሚለውን መርህ እቀበላለሁ፤ የግብር ከፋይ ገንዘብ ነው። ግን አንዱ ብቻውን መቼ በቃና? 967 ዶላር በዓመት 11,604 ይሆናል፤ በዚያው ዓመት ለአንድ ሰው የወጣው የፌዴራል የድህነት ወለል 15,650 ነበር። ከወለሉ በታች የሚከፍል መንግሥት ሰውየው ሌላ በር ሲያንኳኳ «ደራረብክ» ሊለው አይገባም።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ የቁጠባው ጉዳይ ነው። ኤስኤስአይ የሚቀበል ያላገባ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ሊኖረው አይችልም፤ እንደ መኖሪያ ቤቱና አንድ መኪና ያሉ ጥቂት ነገሮች ግን አይቆጠሩበትም። እናታችን እቁብ ገብታ 3,000 ዶላር ደረሳት እንበል። ብሩ ወሩ ሲብት ባንክ ውስጥ ከተገኘ የዚያ ወር ኤስኤስአይ አይገባትም፤ ሳይታወቅ ከተከፈላት በኋላ መልሺ የሚል ደብዳቤ ይመጣባታል። በብዙ ግዛቶች የሕክምና ሽፋኗ ሜዲኬድም ከኤስኤስአዩ ጋር የታሰረ ነው። ኤብል የሚባለው ልዩ የቁጠባ ሒሳብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ሳይቆጠር ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ከ2026 ጀምሮ በተሻሻለው ሕግ እንኳ ጉዳቱ የጀመረው ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት መሆን አለበት። በ50 ዓመቱ ስትሮክ የመታው ሹፌራችን ምን ይሁን?

የጥሪቱ ጣሪያ በ1974 1,500 ዶላር ነበር፤ 2,000 የሆነው በ1989 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ከ1974 ጀምሮ ከዋጋ ንረት ጋር ቢሄድ ኖሮ ዛሬ 10,000 ገደማ ይደርስ ነበር። በ2023 ዴሞክራቱ ሴናተር ሼሮድ ብራውንና ሪፐብሊካኑ ቢል ካሲዲ ያቀረቡት ረቂቅም ይህንኑ 10,000፣ ለባልና ሚስት ደግሞ 20,000 ይጠይቅ ነበር። ኮንግረሱ ሳያጸድቀው ዘመኑን ጨረሰ።