ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

«ጋሼ፣ ስም እኮ ነው! ሕንፃው እዛው ነው፣ ወንዙም እዛው ነው። ምን ተነካ?»

እንዲህ ያለኝ ቨርጂኒያ የሚኖር የዱሮ ተማሪዬ ነው። ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ማታ ልቦለድ ያነባል። የዋሽንግተኑን ኬኔዲ ሴንተር ደጃፍ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ስለኖረ ከብዙ ተመልካች የበለጠ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ በነጻ ወደሚቀርበው የምሽት ሙዚቃ ወስዶኝ ነበር። ቲኬት የለ፣ ክራቫት የለ። ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ፌስታሎቿን እግሯ ሥር ደርድራ፣ ጫማዋን በከፊል አውልቃ ታዳምጥ ነበር። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩን ላልተከታተለ አንባቢ ባጭሩ ላውጋ፤ ዓመቶቹ፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ፣ ሊሠራ ታስቦ የነበረው ብሔራዊ የባህል ማዕከል መታሰቢያቸው ይሁን ተባለ። ልብ በሉልኝ፣ የተባለው በንግግር አልነበረም፤ በጥር 1964 በሕግ ተደነገገ። ቤቱ በ1971 ተከፈተ። እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ሲመሩት ከነበሩት ባለአደራዎች ብዙዎቹን ዶናልድ ትራምፕ በየካቲት አሰናብተው የራሳቸውን ሰዎች ተኩ። አዲሱ ቦርድም እሳቸውኑ ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ። (እንዲህ ያለ ምርጫ ለኛ እንግዳ አይደለም።) በታህሳስ 18 ቀን ያው ቦርድ ስማቸው ከኬኔዲ ስም ቀድሞ እንዲገባ ወሰነ። በማግስቱ ሠራተኞች ፊደሎቹን ግድግዳው ላይ ሰቀሉ።

የኦሃዮዋ የምክር ቤት አባል ጆይስ ቢቲ፣ ሥልጣናቸው ራሱ የቦርዱ አባል የሚያደርጋቸው ሴት፣ ሳምንት ሳይሞላ ፍርድ ቤት ሄዱ። ክሳቸው ረጅም ነው፣ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነው፦ ሕግ የሰጠውን ስም ቦርድ አይለውጥም። ጨርሶም ከ1983 መጨረሻ ወዲህ ሕዝብ በሚገባበት የቤቱ ክፍል ሌላ መታሰቢያ አይጨመርም የሚል አንቀጽ አለ። ወይዘሮዋ በስብሰባው ላይ በስልክ ሆነው ለመቃወም ሲሞክሩ ድምፃቸው እንደተዘጋባቸውም በክሱ ተናግረዋል። ውሳኔው ግን «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተነገረ።

ይችን ሳነብ ያመመኝ ለአሜሪካ አይደለም። ስሙን የማልጠራው የአንድ የጥበብ ቤት ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አንድ ቀን ያልተነጋገርንበት ጉዳይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ቢሮዬ ድረስ ይዛ መጣች። «ሁሉም ፈርመዋል፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት» አለችኝ። ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬ ፈረምኩ። ማንም ሽጉጥ አልደቀነብኝም። «በየትኛው ደንብ?» ብዬ እንዳልጠይቅ ደንቡን አላውቀውም ነበር። ለሀያ ዓመት ግጥም ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ያንን ቤት ያቋቋመውን አዋጅ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም። የጥበብ ሰው ሕግ ሲባል ያዛጋል። እኔም ሳዛጋ ነው የኖርኩት። በላ ልበልሃ እያሉ በግጥም የተሟገቱ አያቶቻችን ልጆች መሆናችንን ተማሪዎቼን ሳስተምር ግን አፌ ይጣፍጥ ነበር!

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ለ«ስም እኮ ነው» መልሴ የዱሮ ሰው መልስ ነው፦ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ ሕጉን ሽሮ የፈለገውን ስም ቢያወጣ በቅሎዬ በፍርድ ሄደች እላለሁ። ግድግዳው ላይ የተጨመሩት ጥቂት ፊደላት ግን ጭብጦ ናቸው።

«እሺ ጋሼ፣ ግን ገንዘቡ የመንግሥት ነው። ደግሞስ የፊተኞቹ መላእክት ነበሩ? እነሱም ፕሬዚዳንት የሾማቸው ናቸው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቤቱ ከፖለቲካ ንጹሕ የነበረበት ዘመን የለም፤ ባለአደራዎቹን ሁልጊዜም ፕሬዚዳንቱ ነው የሚሾመው። የመንግሥት ገንዘብ ግን የገዢው ኪስ አይደለም፤ ባለፌስታሏ ሴትዮም ከፍላበታለች። መሾምና ባለቤት መሆንም ለየቅል ነው። በመስከረም 1971 ቤቱ ሲመረቅ የቀረበው የሌናርድ በርንስታይን ሥራ ነበር። የኤፍ ቢ አይ ሰዎች በላቲን ግጥሙ ውስጥ ጦርነቱን የሚነቅፍ መልእክት ተደብቆ ይሆናል ብለው ኋይት ሐውስን አስጠንቅቀዋል። ኒክሰን ምን አደረጉ? ቀሩ። ሥራው ግን ታየ። ኒክሰንን የመሰለ ተጠራጣሪ ሰው እንኳ ከቤቱ መቅረት እንጂ ቤቱን መውሰድ አልታየውም።

አሁን ግን መቅረትም የሚያስጠይቅ ሆኗል። ቻክ ሬድ የተባለ የጃዝ ሙዚቀኛ ለዓመታት ያቀርበው የነበረውን የገና ዋዜማ ኮንሰርት ስሙ በመለወጡ ምክንያት ሰረዘ። የቤቱ ኃላፊ አንድ ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንጠይቅሃለን የሚል ደብዳቤ ላኩበት። ኮንሰርቱ እኮ በነጻ የሚታይ ነበር! ከ1971 ጀምሮ ሲዘፍን የኖረው የዋሽንግተን ብሔራዊ ኦፔራም በጥር 2026 ለቅቄ እወጣለሁ አለ። በየካቲት ደግሞ ትራምፕ ቤቱ ከሐምሌ 4 ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ለእድሳት እንደሚዘጋ አስታወቁ።

«ታዲያ ክሱ ምን ዋጋ አለው?» ትሉ ይሆናል። የፍርዱ መጨረሻ ምንም ይሁን፣ ወይዘሮዋ የሚያንኳኩት በር፣ የሚጠቅሱት አንቀጽ ነበራቸው። በአብዮቱ ጊዜ የኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብሔራዊ ቴአትር ሲሆን ማን ማንን ይከሳል? በሕግ አምላክ ተብሎ የሚቆመው አምላኩ ሲኖር ነው፤ ደርግ ፊት እንዲያ የሚል አልነበረም። አዲሱ ስም ይሻላል፣ አይሻልም ሌላ ጨዋታ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይሻላል ባይ ነኝ። የተሻለውን ስም እንኳ ያገኘነው ሳንጠየቅ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ በአሮጌው ስም ነበር የሚጠራው፤ ለንጉሡ ፍቅር ኖሮት አይደለም፣ ያላማከሩትን ነገር አይወድም ነበር።

ይህን አጫውቼው ተማሪዬን «ለመሆኑ ተሳፋሪዎችህ ምን ብለው ነው አድርሰን የሚሉህ?» አልኩት።

«ኬኔዲ ሴንተር» አለ።

«አንተስ?»

ትንሽ ዝም አለ። «ተሳፋሪው እንዳለው ነዋ፣ ጋሼ።»