የመንደር ሱቅ ዋጋ

በአዲስ አበባ ከመንደሩ ሱቅ ሩብ ኪሎ ስኳር የሚገዛ ሰው፥ መርካቶ ወርዶ በብዛት ከሚገዛው ይልቅ አብልጦ ይከፍላል። ይሁን እንጂ በባለሱቁ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። እርሱም ዕቃውን ከዚያው ከመርካቶ ገዝቶ፥ የመኪና ኪራይ ከፍሎ ያመጣዋል፤ እስከ ምሽት ድረስ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ገንዘብ ላጣም በዱቤ ደብተር ጽፎ ይሰጣል። (ዱቤውን ሳይከፍል መንደር የሚለውጥ ሰው መኖሩን ማን ይክዳል?)

እኛን የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ኪሎው 100 ብር፥ ሩቡ 30 ብር ቢሆን፥ የኪሎውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ለማውጣት ያልቻለችው ልብስ አጣቢ በአራት ጊዜ 120 ብር ትከፍላለች። ስለዚህ የተከበራችሁ እመቤቶች ሆይ፥ ለወር ቀለብ ወደ መርካቶ ስትልኩ የእርሷንና የዘበኛውን ድርሻ ጨምራችሁ አስገዙ፤ ዋጋውንም በገዛችሁበት ሒሳብ ጥቂት በጥቂት ተቀበሏቸው።